ከሥሩ ከሰል በሚወጣበት መሬት ላይ የድንጋይ ቤት እንዴት ይሠራ?

ጠያቂ፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሃያ ዓመት ያህል በድንጋይና በብሎኬት ስሠራ የኖርሁ ግንበኛ ነኝ። አሁን የተሰጠኝ ሥራ ከከተማችን ርቆ፣ ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል በሚወጣበት ስፍራ የሠራተኞች መኖሪያ መገንባት ነው። መሬቱ ወደፊት እንደሚሰምጥ ተነግሮኛል። መሠረቱን በጥልቀት ቆፍሬ፣ ግድግዳውን አወፍሬ ስሚንቶውን ባበዛው ይበቃል ወይ? ቤተሰብ የሚያድርበት ስለሆነ በግምት መሥራት አልፈልግም።

መሐንዲስ፣ ከከዚራ፦
ወንድሜ፣ ያሰቡት ቤቱን ይበልጥ ይጎዳዋል። የከሰሉ ንጣፍ ምሰሶ (ከላይ ያለውን ደግፎ የሚይዝ ያልተቆፈረ ከሰል) ሳይተውለት ሲወጣ ከላይ ያለው መሬት እንደ ሰፌድ ጎድጉዶ ይወርዳል፤ ዳር ዳሩ ይለጠጣል፣ መካከሉ ይጨመቃል፤ ቁፋሮው እየገፋ ሲሄድም አንድ ቤት ሁለቱንም በተራ ሊቀምስ ይችላል። የድንጋይ ግድግዳ ጭነትን እንጂ መለጠጥን አይችልም፤ ጥልቅ መሠረት ደግሞ መሬቱን ጨብጦ ስለሚይዝ አብሮ ይጎተታል። ስለዚህ ከታች ጠፍጣፋ የሆነ፣ በፌሮ የታሰረ ማት ፋውንዴሽን (ቤቱን በሙሉ የሚሸከም አንድ ወጥ የኮንክሪት ንጣፍ) 15 ሳንቲሜትር ገደማ አሸዋ ላይ ያሳርፉ፤ መሬቱ ከቤቱ ሥር ተንሸራቶ እንዲያልፍ በመካከላቸው ፕላስቲክ ያንጥፉ። ረጅሙን ቤት በአጫጭሩ ይከፋፍሉት፤ ክፍተቱ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ይዝለቅ፣ በልስንም አይደፈን። በእንግሊዝ አገር ኖቲንግሃምሸር እ.ኤ.አ. በ1957 የተጀመረው ክላስፕ የተባለ የትምህርት ቤት አሠራር በዚሁ ሐሳብ በቀጭን ማት ላይ ቀላል የብረት አጽም አቁሟል።

አንድ አዛውንት ግንበኛ፣ ከሐረር፦
ስለ ስሚንቶው ልናገር። ከዓመታት በፊት መሠረቱ በውኃ የሰመጠ ቤት ስጠግን የድንጋዩን መጋጠሚያ በስሚንቶ አጠንክሬው ነበር፤ በቀጣዩ ክረምት ስንጥቁ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ ድንጋዩን ራሱን ለሁለት ከፍሎት አገኘሁ። ኖራ ቢበዛበት ኖሮ መጋጠሚያውን ተከትሎ እንደ ደረጃ ይወርድ ነበር፤ ያ ተፍቆ ይሞላል፣ የተሰነጠቀ ድንጋይ ግን መልሶ አይገጥምም።

መሐንዲስ፣ ከከዚራ፦
አባታችን ያሉት ልክ ነው። እኔም አንድ ትልቅ ጉዳይ ዘልያለሁ። ከላይ የጻፍሁት መሬቱ ሰፋ ብሎ፣ ቀስ እያለ ለሚሰምጥበት ቦታ ነው። ከሰሉ ድሮ፣ ምሰሶ እየተተወ፣ ብዙም ሳይጠልቅ የወጣበት ከሆነ ግን ምሰሶው ከብዙ ዓመታት በኋላ ተደርምሶ መሬቱ ድንገት ሊከፈት ይችላል። ይህን ማቱ ብቻውን አይመክተውም፤ ወይ ባዶው ይሞላል፣ ወይ ቦታው ይቀየራል። የቁፋሮውን ካርታ ሳያዩ አይጀምሩ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ካርታውን ዛሬ ጠይቄአለሁ፤ እስኪደርሰኝ የመሠረቱን ቁፋሮ አስቁሜአለሁ።