ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት መናዘዝ ይችላሉን?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖናል፤ እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም። ደብረ ብርሃን ላይ አብረን የሠራነው መኖሪያ ቤትና አንድ ሱቅ አለን። ከዚህ ሌላ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ላይ ከአባቴ የወረስሁት ቤት አለኝ፤ በባለቤቴ ስም ደግሞ ባሶና ወራና ውስጥ ጥቂት የእርሻ መሬት አለ።

ባለፈው ዓመት ታምሜ ከተነሣሁ በኋላ የሰፈር ሽማግሌዎች ጠርተን አንድ ኑዛዜ አጻፍን። ቃሉ «ከሁለታችን አንዱ ሲሞት በሕይወት የቀረው ሁሉን ይውረስ፤ ሁለታችንም ስናልፍ ንብረቱ እኩል ተከፍሎ ግማሹ ለባል እህት ልጅ፣ ግማሹ ለሚስት ወንድም ልጅ ይሁን፤ ከእንግዲህ አንዳችንም ይህን ቃል ልንለውጥ አንችልም» የሚል ነው። ሁለታችንም ፈርመናል፤ ሦስት ምስክሮችም ፈርመዋል። ሰሞኑን ግን አንድ የማውቀው ሰው ወረቀቱን አይቶ ፍርድ ቤት እንደማይቀበለው ነገረኝ። እውነት ነው? ከሆነስ የሁለታችንን ሐሳብ ሳናጎድል እንዴት እንጻፈው? ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ፣ እኔ ቀድሜ ብሞት ባለቤቴ በገዛ ቤቷ የወንድሞቼን ፊት የምታይ እንዳትሆን ነው።

መልስ (ጠበቃ)

የነገሩዎት ሰው እውነታቸውን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 858 ከአንድ በላይ የሆኑ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ የሚያደርጉት ኑዛዜ ፈራሽ መሆኑን ይደነግጋል፤ ባልና ሚስትንም ከዚህ አላወጣቸውም። ኑዛዜ የአንድ ሰው የራሱ ብቻ የሆነ ተግባር ነው፤ ተናዛዡ ነፍሱ እስክትወጣ ድረስ ሊለውጠውና ሊሽረው መቻል አለበት። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሰዎች ከተናዘዙ ግን የአንዱ ቃል ከሌላው ቃል ጋር ስለሚተሳሰር ይህ ነጻነት ይጠፋል። «ልንለውጥ አንችልም» የሚለው ዐረፍተ ነገርም በዚያው ምክንያት ዋጋ የለውም።

ጥንቃቄው ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት፣ ያለ ኑዛዜ ቢሞቱ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይገባል። በሕጋችን ባል የሚስቱ፣ ሚስትም የባሏ ሕጋዊ ወራሽ አይደሉም። ባለቤትዎ ከደብረ ብርሃኑ ቤትና ከሱቁ ግማሹን የሚወስዱት የጋራ ንብረት ድርሻቸው ስለሆነ እንጂ ስለወረሱዎት አይደለም። የእርስዎ ግማሽ ልጅ ስለሌለዎት ለወላጆችዎ፣ እነርሱ በሕይወት ከሌሉ ለወንድሞችዎና ለእህቶችዎ ይተላለፋል። የመሐል ሜዳው ቤት በውርስ ያገኙት የግል ንብረትዎ በመሆኑ ከእርሱ ባለቤትዎ ምንም ድርሻ አይኖራቸውም፤ እንዲያውም በአንቀጽ 849 መሠረት ከአባት ወገን የመጣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ወደ አባት ወገን ይመለሳል። የመንዝ ሰው ስለ አጽመ ርስት ያለው ስሜት በዚህ አንቀጽ ውስጥ አለ ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። ይህ ሁሉ ግን ኑዛዜ በሌለ ጊዜ ነው። ልጅ የሌለው ሰው ወንድሞቹንና እህቶቹን ምክንያት ሳይሰጥ ከውርሱ ሊያስቀር ይችላል፤ ባለቤትዎን የጠቅላላ ኑዛዜ ስጦታ ተቀባይ፣ ማለት የውርሱ ሁሉ ተቀባይ፣ አድርገው መሰየምዎ ለዚህ ይበቃል።

ስለዚህ ሁለት ኑዛዜዎች፣ በሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ይጻፉ፤ እርስዎ የእርስዎን፣ እርሳቸው የእርሳቸውን። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡም በራሱ በኑዛዜው ላይ መጻፍ፣ ቀን መያዝና ወዲያውኑ በሁሉም መፈረም አለበት። ሦስት ምስክር አይበቃም። ከምስክሮቹ አንዱ ሥራውን በማከናወን ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም ከሆነ ግን ሁለት ይበቃሉ። በግልጽ የተደረገ ኑዛዜ ፍርድ ቤት ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚጠቃው «ተነበበልን» የሚለው ቃል ስለጎደለው ነው። በራስ እጅ የሚጻፈውም ይፈቀዳል፤ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ ተጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑ ተገልጾ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ሊኖረው ይገባል፤ በሰባት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ካልተቀመጠም ቀሪ ይሆናል። የቃል ኑዛዜ ለቤት አይሆንም።

መልስ (ከደብረ ሲና)

ወንድሜ፣ የሕጉን ነገር ጠበቃው ተናግረዋል፤ እኔ ያየሁትን ልንገርዎት። ባለቤቴ ከስምንት ዓመት በፊት ሲያርፍ ልጅ አልነበረንም፤ ኑዛዜም አልነበረንም። አርባው ሳይወጣ ወንድሞቹ መጥተው ስለ ቤቱ ጠየቁኝ። በእውነት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ተዝካሩን የደገሱት እነርሱ ናቸው፤ የጠየቁትም ሕግ የሰጣቸውን ነው። ነገር ግን የራሴን ጓዳ በግምት አስተምኜ የእርሱን ግማሽ በገንዘብ መልሼ ለመግዛት ሁለት ላምና የእናቴን ወርቅ ሸጫለሁ። ባሌ «ሁሉም ያንቺ ነው» ይለኝ ነበር፤ ማለቱንም ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ግን አልጻፈውም። እባክዎ እስከ ፋሲካ ድረስ አይቆዩ። የንስሐ አባታችሁን፣ ከእድር ደግሞ ምንም የማይወርሱ ሰዎችን ለምስክርነት ጥሩ፤ ያው አራት ሰው በሁለቱም ኑዛዜ ላይ መመስከር ይችላል።

መልስ (በመሬት አስተዳደር የሠራሁ ጡረተኛ)

የባሶና ወራናውን መሬት ከቤቱ ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር አትጻፉት። ቤት የግል ሀብት ነው፤ የገጠር መሬት ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ባለቤትዎ የሚያወርሱት የመጠቀም መብታቸውን ነው፤ ማን ሊቀበለው እንደሚችልም የሚወስነው የክልሉ የመሬት ሕግ ነው። ከመጻፋችሁ በፊት የመሬት ይዞታ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ በማን ስም እንደተመዘገበም አረጋግጡ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ወረቀት እንጽፋለን። የቀረን አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቴ ሁሉን ከወሰደች በኋላ ለእህቴ ልጅ ያሰብሁት ነገር በእርሷ ፈቃድ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል ማለት ነው?

መልስ (ጠበቃ)

እንዲሁ «ሁሉንም ለባለቤቴ» ብለው ካቆሙ፣ አዎን። ንብረቱ የእርሳቸው ይሆናል፤ ኋላ ለማን እንደሚሄድ የሚወስነው የእርሳቸው ኑዛዜ ነው፤ ያንንም ሊለውጡት ይችላሉ። ይህን ለማስቀረት ሕጉ ሁለት መንገድ ይሰጣል። አንደኛው፣ ባለቤትዎ በሕይወት ሳሉ እንዲይዙት፣ ሲሞቱ ግን ለእህትዎ ልጅ እንዲያስተላልፉት በኑዛዜ ማዘዝ ነው። ሁለተኛው፣ የቤቱን ባለቤትነት ለልጁ ሰጥቶ ለባለቤትዎ የዕድሜ ልክ አላባ፣ ማለት በሕይወት እስካሉ በቤቱ የመጠቀም መብት፣ ማስቀረት ነው። በሁለቱም መንገድ ባለቤትዎ ንብረቱን መሸጥ አይችሉም፤ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው። ሰባ ዓመት ሞልቷቸው ሕክምና አዲስ አበባ ቢያስፈልጋቸው፣ ከሱቁ ኪራይ በቀር የሚዳስሱት ነገር ላይኖር ይችላል። እኔ ብሆን የደብረ ብርሃኑን ቤትና ሱቅ ያለ ምንም ገደብ ለእርሳቸው ትቼ፣ የመሐል ሜዳውን ብቻ ለእህቴ ልጅ አደርገዋለሁ፤ እርሱም ከአባት ወገን የመጣ ስለሆነ ቤተ ዘመዱም ቅር አይለውም። ውሳኔው ግን የሁለታችሁ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ገደላማውን የታርማበር መንገድ አብራችሁ ትሄዳላችሁ፤ ሁለት ሰዎች አብረው ሞተው ማን ቀድሞ እንደሞተ ካልታወቀ አንዱ ሌላውን አይወርስም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ኑዛዜ «ባለቤቴ ከእኔ በፊት ከሞተች ወይም መውረስ ካልቻለች እገሌ ይተካት» የሚል ቃል ይግባ። በአዲሶቹ ኑዛዜዎች ላይ የቀድሞው ወረቀት መሻሩንም ጻፉ፤ ከሽማግሌዎቹ ዘንድ ያለውን ቅጂም ሰብስባችሁ ቅደዱት። ዋናዎቹን በውልና ማስረጃ አስቀምጡ፤ የት እንዳሉም ምስክሮቹ ይወቁ።