ቪዲዮአችን በብዙ ሺህ ሰው ታየ፤ የትምህርት ቤቱ መንገድ ግን እንደነበረ ነው። ምን ጎደለ?

ጥያቄ፦ ዜብራ_ይቀባ
ሰላም ለሁላችሁ። ሰባት ወጣቶች ነን። አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ መኪና በፍጥነት ያልፋል፤ ዜብራም ብሬከርም የለም። ገጽ ከፍተን ለአራት ወር ፎቶና ቪዲዮ ለጥፈናል፤ አንዱን 60 ሺህ ሰው አይቶታል። «በርቱ» የሚል ኮሜንት ሞልቷል፤ አስፋልቱ ላይ ግን አንድ መስመር አልተቀባም። እይታው ወደ ሥራ የሚለወጠው እንዴት ነው? ልጆቹን መቅረጽስ ችግር አያመጣም?

መልስ፦ መዝገቡ
ከ60 ሺው ተመልካች ውስጥ ዜብራ የማስቀባት ሥልጣን ያለው ስንት ሰው ነው? ምናልባት አንድም የለም። ስለዚህ ከሚቀጥለው ቪዲዮ በፊት መንገዱ የማን እንደሆነ አጣሩ። ዋና መንገድና የሰፈር ውስጥ መንገድ ብዙ ጊዜ የሚተዳደሩት በተለያየ መሥሪያ ቤት ነው። ደብዳቤው ወደማይመለከተው ቢሮ ከሄደ ወራት ይፈጃል።

ቀጥሎ ጥያቄያችሁን አጥብቡት። «የልጆቻችን ደኅንነት ይጠበቅ» ለሚል ጥያቄ ማንም «እሺ» ይላል፤ ምንም ሳያደርግ። «በዋናው በር ፊት ለፊት አንድ ዜብራ፣ ከበሩ ወዲህና ወዲያ አንድ አንድ ብሬከር፣ የ30 ኪሎ ሜትር ምልክት፤ ሁሉም ቀጣዩ የትምህርት ዘመን ሳይጀምር» ስትሉ ግን መልሱ ወይ አዎ ወይ አይ ነው። ከዚያ በኋላ የምትለጥፉት ሁሉ ይህንኑ ይደግመው፤ በየሳምንቱ አዲስ ጥያቄ አትጨምሩ።

የኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት እህትማማቾች ሜላቲና ኢዛቤል ዋይሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጀምሩ ዕድሜያቸው 12 እና 10 ነበር። የያዙት አንድ ዕቃ፣ ፌስታልን ብቻ ነው። ፊርማ አሰባሰቡ፣ ገዥውን ፊት ለፊት አገኙ፤ በደሴቲቱ ላይ የፌስታል እገዳው ሥራ ላይ የዋለው በ2019 ነው። አራት ወር አጭር ጊዜ ነውና ተስፋ አትቁረጡ።

መልስ፦ ሜትርና_ሰከንድ
«በፍጥነት ያልፋል» አቤቱታ ነው፤ ቁጥር ስታቀርቡ ግን ማስረጃ ይሆናል። የሚያስፈልገው ሜትር፣ ኖራ ወይም ጠመኔ፣ የስልክ ሰዓት መቁጠሪያና ሁለት ሰው ነው።

ከመንገዱ ዳር 50 ሜትር ለኩና ሁለቱንም ጫፍ ምልክት አድርጉ። መኪናው የመጀመሪያውን ምልክት ሲያልፍ አንዱ እጁን ያነሣል፤ ሁለተኛው ምልክት ጋ የቆመው ሰዓቱን ያስነሣና መኪናው እሱ ጋ ሲደርስ ያቆማል። 50 ሜትር በ6 ሰከንድ ማለት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ3.6 ሰከንድ 50፣ በ3 ሰከንድ 60። ርቀቱን አታሳጥሩ። የእጅ ስሕተት ሩብ ሰከንድ ያህል ቢሆን በ50 ሜትር ላይ 50 የነበረው ፍጥነት 47 ወይም 54 ሆኖ ይነበባል፤ በ20 ሜትር ላይ ግን 43 ወይም 60 ይሆንና መሐንዲሱ ወዲያው ይጥለዋል።

በሦስት የትምህርት ቀናት፣ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት፣ ቢያንስ 100 መኪና መዝግቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሚከንፉትን ብቻ እየመረጠ በመለካት ነው፤ ከአንድ አቅጣጫ የመጣውን ሁሉ በተራ ጻፉ። ከአስፋልቱ ራቅ ብላችሁ፣ ለሾፌር በማትታዩበት ቦታ ቁሙ፤ ስልክ የያዘ ሰው ሲያይ ፍጥነት የሚቀንስ ብዙ ነው። ውጤቱን «ከ100 መኪና ይህን ያህሉ ከ30 በላይ» ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር አውጡ። 30ን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም፦ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ እ.ኤ.አ. የ2020 የስቶክሆልም የመንገድ ደኅንነት መግለጫ የሚጠይቀው ጣሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል የመንገድ አደጋ ቀዳሚ መሆኑን ይገልጻል። ሁለቱንም በደብዳቤው ላይ ጥቀሱ።

መልስ፦ ቀረጻ_ክፍል
ቪዲዮው ቁመታም (9 በ16)፣ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ 3 ሰከንዶች ሎጎና ሙዚቃ ሳይሆን የተለካው ቁጥር ይታይ። ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ብዙ ስለሆነ ጽሑፉ ምስሉ ላይ ይኑር፤ የስልኩ ቁልፎች ከሚሸፍኑት ከታችኛው ጠርዝ ከፍ አድርጉት።

ሃሽታግ አንድ ይበቃል። ቃላቱን በታች ሰረዝ (_) አገናኙ፤ ክፍተት ወይም ተራ ሰረዝ (-) ካለ ይቆረጣል። ሌላ ሰው የሚሠራበትን ሃሽታግ አትውሰዱ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 2020 ብዙ ሚሊዮን ሰው በአሜሪካ ለጥቁሮች መብት ከሚታገሉት ጋር አጋርነቱን ለማሳየት ጥቁር ካሬ ሲለጥፍ፣ ሰልፈኞች መረጃ ይለዋወጡበት የነበረው ሃሽታግ በጥቁር ምስል ተዋጠ። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ መሣሪያውን ግን አበላሸ።

ዋናው የጎደላችሁ ግን ለተመልካቹ የሰጣችሁት ሥራ አለመኖሩ ይመስለኛል። ስለ ኡጋንዳዊው የአማጺ መሪ ጆሴፍ ኮኒ የተሠራው የ30 ደቂቃ ቪዲዮ እ.ኤ.አ. በ2012 በሳምንት ውስጥ 100 ሚሊዮን ጊዜ ታየ፤ ፖስተር ይለጠፋል በተባለበት ምሽት የወጣው ሰው ግን ጥቂት ነበር። ከማየት ወደ መውጣት ያለው እርምጃ ሰፊ ነው፤ መሐሉ ላይ ትናንሽ ደረጃ ሥሩ። «በርቱ» ላለ ሁሉ በውስጥ መስመር እንዲህ ብላችሁ መልሱ፦ «ማክሰኞ ጠዋት ለ40 ደቂቃ መኪና የሚቆጥር ሰው እንፈልጋለን፤ ትችያለሽ?» ቀንና ደቂቃ የሌለው ግብዣ ሰው አያመጣም። ከመቶ ሰው አምስቱ ቢመጡ ቆጠራው ይጠናቀቃል።

መልስ፦ ጥላ_ከለላ
ስለ ልጆቹ መጨነቃችሁ ትክክል ነው። ከጀርባ ወይም ከጉልበት በታች ቅረጹ፤ ጫማና ቦርሳ መንገድ ሲሻገር ማየት በቂ ነው። ፊት የግድ ከሆነ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ልጁም ራሱ ይጠየቅ፤ ወላጅ ሐሳቡን ከቀየረ ቪዲዮው ይወርዳል። የደንብ ልብስ ላይ ያለው ዓርማም፣ ታርጋም ይሸፈን። ስትሸፍኑ ድፍን ሳጥን ተጠቀሙ፤ በስልኩ ማርከር የተቀባው ሙሉ በሙሉ ስለማይደፍን ምስሉ ደመቅ ሲደረግ ከሥሩ ያለው ይታያል። ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፋይል ሲላክ የተነሣበት ቦታ አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ በካሜራው ላይ ቦታ መመዝገቢያውን አስቀድማችሁ ዝጉ።

ገጹ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን። ሁለት ወይም ሦስት አስተዳዳሪ፣ ሁሉም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያበራ።

ዜብራ_ይቀባ
እናመሰግናለን! ደብዳቤ አስገብተን ዝም ቢሉንስ?

መዝገቡ
ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ውሰዱ፤ በእናንተ ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር ይስፈር። ያ ቁጥር ከሌለ «አልደረሰንም» ይባላል። መልስ ካጣችሁ ሁለተኛውን ደብዳቤ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ ላኩ፤ ገጹ ላይም «ደብዳቤው ከገባ ይህን ያህል ቀን» እያላችሁ በየሳምንቱ አውጡ። ሰውን ግን አትሳደቡ፤ የተሰደበ ኃላፊ በሩን ይዘጋል፤ ተከታዩም ጉዳዩን ትቶ ስለ ስድቡ ይከራከራል።

ፊርማ የምታሰባስቡ ከሆነ ያንን መንገድ በየቀኑ የሚሻገሩ 300 ሰዎች በወረቀት መፈረማቸው ከሩቅ ከመጣ 10 ሺህ ክሊክ ይበልጣል። ለስብሰባ ስትሄዱ አንድ ወላጅ፣ አንድ መምህርና አንድ ተማሪ ከእናንተ ጋር ይግቡ፤ የቆጠራው ወረቀት በአንድ ገጽ ይሁን።

ሜትርና_ሰከንድ
ከተቀባ በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ድጋሚ ለኩ። ዜብራ ብቻውን ፍጥነት ላይቀንስ ይችላል፤ ብሬከሩን «በኋላ እንሠራለን» ካሏችሁ ሁለተኛው ቆጠራ መከራከሪያችሁ ነው። ቀለሙም እየደበዘዘ ይሄዳልና በየስድስት ወሩ ከአንድ ቦታ ፎቶ እያነሣችሁ አስቀምጡ።