ስክሪን ሪደር የቅጼን ሳጥኖች ስም አያነብም

ጥያቄ፦ በድረ ገጼ ቅጽ ላይ ከየሳጥኑ በላይ «ስም»፣ «ስልክ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ስክሪን ሪደሩ (ለማያዩ ሰዎች ገጹን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም) ግን «ጽሑፍ ማስገቢያ» ብቻ ይላል። የታብ ቁልፍ ሲጫኑም የትኛው ሳጥን ላይ እንዳሉ አይታይም። ምን ላስተካክል?

መልስ 1፦ ጽሑፉ ለዓይን ቅርብ ቢሆንም በኮዱ ከሳጥኑ ጋር አልተያያዘም። ሌብል ታግ (label፣ የሳጥን ስም የሚይዝ ኮድ) ውስጥ አስገባውና በታጉ ላይ «ፎር» (for) የሚለውን ከሳጥኑ አይዲ (id፣ መለያ ስም) ጋር አንድ አድርገው። አይዲው ገጹ ላይ ከተደገመ ሌብሉ የሚይዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ኮድ ኮፒ ሲደረግ የሚመጣ ጣጣ! መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ጽሑፉን በማውስ ጠቅ ስታደርግ ጠቋሚው ሳጥኑ ውስጥ መግባት አለበት።

መልስ 2፦ ለታቡ ችግር ሲኤስኤሱን (CSS፣ የገጹን መልክ የሚወስነውን ኮድ) እይ፤ «አውትላይን ነን» (outline: none፣ በተመረጠው ሳጥን ዙሪያ ያለውን መስመር የሚደብቅ) ተጽፎ ይሆናል። አጥፋው፤ የሚመለሰው መስመር ካላማረህ የራስህን 2 ፒክስል መስመር ስጠው፤ ከጀርባው ጋር ቢያንስ 3 ለ 1 ንፅፅር ይኑረው።

መልስ 3፦ ስህተትንም በቀይ ጠርዝ ብቻ አታሳይ፤ በጽሑፍ ጨምርበት።