ለተማሪዎች ፕሬዝዳንትነት 3.00? «ራሱን ያልመራ ግቢ አይመራም» የሚለው ነገር ላይ ክርክር

ብሎክ 12፦ ዛሬ ካፌ በር ላይ የተለጠፈውን አይታችሁታል? ለተማሪዎች ኅብረት ፕሬዝዳንትነት የሚወዳደር ሰው አማካይ ውጤቱ ከ4.00 3.00 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት ይላል። የዲሲፕሊን ቅጣት የሌለበት፣ ከተማሪዎች አገልግሎት ዲን የድጋፍ ደብዳቤ የሚያመጣ። የኛ ብሎክ ልጅ ፎርም ሞልቶ ሄዶ «2.87 ነህ» ተብሎ ተመለሰ። ውጤቱን በቀይ እስክሪብቶ ከበውበታል። ለመመረቅ እኮ 2.00 ይበቃል። ለመመረቅ የሚበቃ ሰው ለመወዳደር የማይበቃው ለምንድን ነው?

ጂሲ (ተመራቂ ተማሪ)፦ ጥሩ አደረጉ። ግቢ የመጣነው ለመማር ነው። ራሱን ያልመራ ግቢ አይመራም።

ሕግ 3ኛ ዓመት፦ ቆይ፣ «ራሱን ያልመራ» ያልከው ማንን ነው? 2.87 ያለው ሰው ራሱን አልመራም ማለት ነው?

ጂሲ፦ ስም አልጠራሁም። መርሁን ነው የተናገርኩት። የራሱን ጊዜ መከፋፈል ያልቻለ ሰው የሺዎችን ጉዳይ እንዴት ይይዛል?

ብሎክ 12፦ ስም ካልጠራህ እኔ ልንገርህ፣ ስለማን እንደምታወራ እወቀው። አምና የዶርም ጓደኛዬ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተጠቅልሎ ያለቅስ ነበር። ሁላችንም ደንግጠን ቆመናል። የዶርም ተቆጣጣሪውን፣ ፕሮክተሩን፣ ቀስቅሶ ያመጣው ይሄ 2.87 ያላችሁት ልጅ ነው። አምቡላንስ እስኪመጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ የልጁን ጭንቅላት ጭኑ ላይ አስደግፎ ላቡን በፎጣ ሲጠርግለት ነበር። ሆስፒታልም አብሮት ሄደ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና (ሚድ) ነበረው፤ ሳይተኛ ገብቶ ተፈተነ። ያ ኮርስ ነው ውጤቱን የጎተተው። ራሱን ያልመራው እሱ ነው?

ጂሲ፦ ልጁ ጥሩ ሰው ነው፣ አልካድኩም። ጥሩ ሰው መሆንና ፕሬዝዳንት መሆን ግን ይለያያል።

ሕግ 3ኛ ዓመት፦ ጥሩ ተማሪ መሆንና ፕሬዝዳንት መሆንስ? እሱም ይለያያል እኮ።

የቀድሞ ተወካይ፦ ልጆች፣ እኔ ከተመረቅሁ ቆይቻለሁ፣ ግን አንድ ነገር ልበል። በኛ ጊዜ ውጤቱ 2.00 አፋፍ ላይ የነበረ ልጅ መረጥን። ንግግሩ ይማርክ ነበር፣ አዳራሹ በጭብጨባ ነው የተናወጠው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ተባረረ። የኅብረቱ ማኅተምና የቢሮው ቁልፍ ይዞ ነበር አገሩ የገባው። ሁለት ወር ሙሉ ደብዳቤ የሚያወጣልን አጣን። የምግብ ኮሚቴው ቅሬታ ማኅተም የለውም ተብሎ ሳይታይ ቀረ። ስለዚህ መስፈርቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም።

ሕግ 3ኛ ዓመት፦ ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው። ግን የነገሩን በመባረር አፋፍ ስላለ ሰው ነው። በ2.87 የተባረረ ሰው የለም። ውጤቱ ዝቅ ብሎ ማስጠንቀቂያ (ዋርኒንግ) ውስጥ ያለ አይወዳደርም ቢሉ እኔም እፈርማለሁ። 3.00 ግን ከየት መጣ? ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለመወዳደር እንኳ 21 ዓመት መሙላት ይጠየቃል እንጂ የትምህርት ውጤት አይጠየቅም። አገር የሚወክለው ሰው ያልተጠየቀውን እኛ ለካፌና ለዶርም ጉዳይ እንጠየቃለን?

ጂሲ፦ ፓርላማና ግቢ አንድ አይደለም። ግቢ የትምህርት ቦታ ነው። ፕሬዝዳንቱ ሴኔት ገብቶ ከፕሮፌሰሮች ጋር ይቀመጣል። በምን አንደበት ይከራከራቸዋል?

ብሎክ 12፦ በአፉ።

ታሪክ ክፍል፦ እኔ የማነበው ስለዚሁ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጥላሁን ግዛውን ሰዎች ለምን እንደመረጡት ታውቃላችሁ? በመጀመሪያው ውድድር ተሸንፏል። በ1962 ድጋሚ ተወዳደረና የተማሪዎች ማኅበሩ ፕሬዝዳንት ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ታኅሣሥ 19 ማታ በጥይት ተገደለ። በማግስቱ አስከሬኑን ለመውሰድ ክቡር ዘበኛ ስድስት ኪሎ ግቢ ገብቶ ተማሪዎች ላይ ተኮሰ። የመረጡት የቆመለትን ነገር አይተው ነው። ዲኑ ጋር ሄዶ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ ቢባል ኖሮ ማን ይጽፍለት ነበር?

ጂሲ፦ እባክህ ጥላሁንን ለዚህ አትጥራው። እሱ ጊዜ ጥያቄው «መሬት ለአራሹ» ነበር። አሁን ጥያቄያችን ውሃ አራተኛ ፎቅ አይደርስም ነው።

ታሪክ ክፍል፦ ውሃም ይሁን መሬት፣ የሚጠይቀውን ሰው የሚጠየቀው አካል ከመረጠው ጥያቄው ቀድሞ ሞቷል። የ1993 ሚያዝያ እንኳ እዚሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተነሳው ምን ተብሎ ነበር? ኅብረታችን ይመለስ፣ ጋዜጣችን ይመለስ፣ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ ነው። በዚያ ሰሞን ሰው ሞቷል። እኛ ዛሬ በነፃ ያገኘነው ይመስለናል።

የቀድሞ ተወካይ፦ ልጄ፣ ይሄኛውን እኔም አስታውሳለሁ። በዚህ አልከራከርህም።

ትንሿ፦ ሁላችሁም 3.00 ላይ ተጣበቃችሁ። ማስታወቂያውን እስከ ታች ያነበበ አለ? የድጋፍ ደብዳቤው ነው ዋናው። የኔ ውጤት 3.61 ነው። ደብዳቤ ልጠይቅ ስሄድ «አንቺ ለሴቶች ጉዳይ ብትወዳደሪ አይሻልም ወይ?» ተባልኩ። ሦስት ዓመት የክፍል ተወካይ ነበርኩ። ነን ካፌ የሆኑ፣ ማለትም በካፌ ምግብ ፈንታ ገንዘብ የሚቀበሉ ልጆች ገንዘቡ ሲዘገይባቸው ዝርዝሩን በእጄ ጽፌ ከቢሮ ቢሮ የዞርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ማንም ለሴቶች ጉዳይ አላለኝም።

ጂሲ፦ እሱ ስህተት ነው። ግን የጥያቄው ርዕስ ሌላ ነው።

ትንሿ፦ አይደለም። አንተ ያልከው «ራሱን ያልመራ» ነው። እኔ ራሴን መርቻለሁ፤ በቁጥር ከፈለግክ 3.61። ታዲያ ለምን አልበቃሁም?

ሕግ 3ኛ ዓመት፦ ጂሲ፣ መልስላት እንጂ።

ጂሲ፦ ደብዳቤው ይነሳ፣ ተስማምቻለሁ። ውጤቱ ግን ይቆይ። ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ብሎክ 12፦ አንድ ነገር ነው! ሁለቱም የሚለጠፈው ስም ማን እንደሆነ አስቀድሞ የሚወስኑ ናቸው። አምና ቆጠራውን ቆሜ አይቻለሁ። ኮሮጆው በፕላስተር ታሽጎ መጣ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ አራት አራት መስመር እያሰመሩ አምስተኛውን ሲያጋድሙበት አብረን ጮክ ብለን እንቆጥር ነበር። ቆጠራው ንጹህ ነበር። ግን ሰሌዳው ላይ የነበሩት ሁለት ስሞች ብቻ ነበሩ። ሁለቱም አንድ ዲፓርትመንት።

ጂሲ፦ ዲፓርትመንት ልትጀምር ነው አሁን?

ብሎክ 12፦ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

ጂሲ፦ የኔን ዲፓርትመንት ነው የነካኸው። ሌሊቱን ሙሉ ስናጠና ቆይተን 3.00 ያመጣን ሰዎች ጥፋተኛ ሆነን ቀረን?

የቀድሞ ተወካይ፦ ተረጋጉ። ማንም ማንንም ጥፋተኛ አላለም።

ትንሿ፦ ቅሬታ የሚቀበሉት እስከ ነገ 11 ሰዓት ነው። ደብዳቤው እንዲቀር የሚጠይቅ ወረቀት ጽፌያለሁ። ሴቶች ዶርም መግቢያ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ እስካሁን 43 ሰው ፈርሟል። ጂሲ፣ ደብዳቤው ይነሳ ካልክ መጥተህ ፈርም።

ጂሲ፦ ስለ 3.00 የተጻፈ ካለበት አልፈርምም።

ትንሿ፦ የለበትም። ብሎክ 12 ይጻፍበት ብሎ እየለመነኝ ነው፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።

ብሎክ 12፦ አሁንም ይጻፍበት እላለሁ።