ሰርተፍኬት የለኝም፤ የኢንጂነሪንግ ማመልከቻዬን በምን ልሙላው?

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነኝ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ። መካኒካል ኢንጂነሪንግ መማር እፈልጋለሁ። እዚሁ ፖሊ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም) ቢደርሰኝ እሰየው ነው፤ ግን በኮመን አፕ (በአንድ ፎርም ለብዙ ኮሌጆች የሚያመለክቱበት ድረ ገጽ) በኩል አሜሪካም ልሞክር አስቤያለሁ። ያለ ሙሉ ስኮላርሺፕ የማይታሰብ ነው።

ችግሬ ምን መሰላችሁ፦ ፎርሙ ከክፍል ውጭ የሠራኸውን ጻፍ ይላል። 10 ቦታ አለው! ስለ ራስ የሚጻፍ ድርሰትም ይጠይቃል። ሌሎች ልጆች ሮቦቲክስ ክለብ፣ የኮዲንግ ውድድር ምናምን ይደረድራሉ። እኔ ክረምቱንም ቅዳሜ እሑዱንም አጎቴ ጋ የውሃ ሞተር ስጠግን ነው ያደግሁት። አንድ ኤጀንሲ ደግሞ ጠቀም ያለ ብር ከከፈልኩ ሰርተፍኬቱንም ድርሰቱንም እንደሚያዘጋጅልኝ ነግሮኛል። ይሻለኛል?

ድርሰቱን እንዲህ ጀምሬዋለሁ፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ኢንጂነር የመሆን ሕልም ነበረኝ። ውቡ ጣና ሐይቃችን በእምቦጭ መወረሩ ልቤን ይሰብረዋል።» አስተያየታችሁን።

ፍሬሽማን ነኝ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማትሪኩን። ከ50 በመቶ በታች ካመጣህ እዚህ አገር ቀጥታ አትገባም፤ ቢበዛ ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ነው የሚጠብቅህ። አልፈህ ፖሊ ብትመደብም ወዲያው መካኒካል አትባልም። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ነው፣ ከዚያ ዲፓርትመንት በውጤት ትወዳደራለህ። እኔ ፍሬሽማን ቀልድ መስሎኝ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ተኛሁ፤ አሁን ጸጸቱን እያላመጥኩ ነው። የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው፤ የምዝገባው ማስታወቂያ እንዳያመልጥህ።

ማዶ ያለች፦
አሜሪካ ሦስተኛ ዓመት ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነኝ፤ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። በየተራ ልመልስልህ።

ኤጀንሲውን ተወው። ማመልከቻውን ስትልክ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው ብለህ ትፈርማለህ። ኋላ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የተሰጠህን ቦታ ይነጥቁሃል። ደግሞ ተገዝቶ የተጻፈ ድርሰት ያስታውቃል፤ የ17 ዓመት ልጅ እንደዚያ አይናገርም።

10 ቦታ አለ ማለት 10 ሙላ ማለት አይደለም። እኔ አምስት ነው የሞላሁት። ዝርዝሩ ውስጥ «የሚከፈልበት ሥራ» እና «የቤተሰብ ኃላፊነት» የሚሉ ምርጫዎች አሉ። የአጎትህ ጋራዥ መግቢያው እዚያ ነው፤ በመጀመሪያው ቦታ አስቀምጠው። ለመግለጫው የተሰጠህ 150 ፊደል ብቻ ስለሆነ «አጎቴን አግዛለሁ» ብለህ አታባክነው። በሳምንት ስንት ሰዓት? ስንት ሞተር? የቱን ብልሽት ብቻህን ትፈታለህ?

ድርሰቱ ከ650 ቃል አይበልጥም። አንተ ደግሞ ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ያለ አንተ ጻፍካቸው። እምቦጭን ከባሕር ዳር የሚያመለክት ልጅ ሁሉ ይጽፈዋል፤ እኔም ጽፌ ቀድጄዋለሁ። በእጅህ ነቅለኸው ካላወቅህ ተወው። ኤም አይ ቲ ከፈለግህ ደግሞ በኮመን አፕ አይደለም፤ የራሱ ፎርም አለው፣ አጫጭር ጥያቄዎች ናቸው። ኤስ ኤ ቲ የሚባለው የመግቢያ ፈተናም ግዴታው ነው። ሌሎች ብዙዎቹ ግን አያስገድዱም። የኤስ ኤ ቲ ክፍያ ለውጭ ተማሪ አይቀርም፤ የማመልከቻውን ክፍያ ግን እንዲተዉልህ መጠየቅ ትችላለህ። ጠይቅ፣ አያሳፍርም።

የብዙዎቹ ማመልከቻ የሚዘጋው ፈረንጅ አዲስ ዓመት ላይ ነው፣ ታኅሣሥ 23 አካባቢ። ጎን ለጎን የቱርክን መንግሥት ስኮላርሺፕ ሞክር። ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ይከፈታል፤ ለማመልከት አያስከፍልም።

ጠመኔ፦
ፊዚክስ አስተምራለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠየቅ «ራስህ ጽፈህ አምጣና ልፈርም» የሚል መምህር ብዙ ነው። እኔም ብዬ አውቃለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ 60 ልጅ ይዘህ ማን ምን እንዳደረገ አይያዝም። ውጤቱ «ታታሪ፣ ጨዋ፣ ሰዓት አክባሪ» የሚል ደብዳቤ ነው፤ ለማንም ይሆናል።

ስለዚህ መምህርህን አግዘው። አንድ ገጽ ላይ ክፍል ውስጥ የሆኑ ሁለት ሦስት ነገሮችን አስታውሰው፦ የጠየቅኸው ጥያቄ፣ የተከራከርክበት ስሌት። ደብዳቤውን ግን እሱ ይጻፈው፣ በራሱ ኢሜይል በሚደርሰው ሊንክ ይላከው። ርዕሰ መምህሩም ትራንስክሪፕትህን የሚልኩት በኢሜይል በሚደርሳቸው ሊንክ ስለሆነ ከወዲሁ ንገራቸው። ታኅሣሥ ላይ በር ብታንኳኳ ኔትወርክ የለም ትባላለህ፤ ላይኖርም ይችላል።

የፖሊ ሰው፦
ልጄ፣ ፖሊ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ሲቋቋም ዓላማው እጁ መፍቻ የለመደ ባለሙያ ማውጣት ነበር። አንተ መፍቻውን ይዘህ ሰርተፍኬት ትፈልጋለህ። እስኪ አንድ ያስቸገረህን ሞተር ንገረን።

የሽምብጥ ልጅ፦
እሺ ጋሼ። ባለፈው በጋ ጉማራ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ሰውዬ ሞተሩ ይነሳል፣ ውሃ ግን አይስብም ብለው ጠሩን። አጎቴ ፓምፑን ፈታ፤ ደህና ነው። ቱቦውም አልተቀደደም። ጠዋት ጀምረን እኩለ ቀን ሆነ። ኋላ ሳየው ወንዙ ወርዷል፣ ሞተሩ ግን ኅዳር ላይ በተተከለበት ከፍታ ላይ ነው። አውርደን ከውሃው አጠገብ ስናስቀምጠው ወዲያው ሳበ። አጎቴ ሳቀብኝ፤ «ይኼን ለማወቅ ነው ግማሽ ቀን?» አለ። ይኼ ይጻፋል እንዴ?

የፖሊ ሰው፦
ይጻፋል ወይ? ሌላ ምን ልትጽፍ ነው ታዲያ!

ለምን እንደሆነስ ታውቃለህ? ፓምፕ ውሃን አይጎትትም። ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያሳሳል፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ውጭ ያለው የአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ቢበዛ 10 ሜትር ገደማ ይገፋዋል። የጣና አካባቢ ግን ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። እዚህ ጣሪያው 8 ሜትር ገደማ ነው። የቱቦው ሰበቃና በየመጋጠሚያው የሚሾልክ አየር ሲጨመርበት 6 ሜትር ካገኘህም ተመስገን ነው። መመሪያው ላይ 8 ሜትር ይስባል ተብሎ ቢጻፍ፣ የተጻፈው ለጉማራ አይደለም።

ማዶ ያለች፦
በቃ፣ ድርሰትህ ይኼው። «ሕልሜ ነበር» የሚለውን አውጣና በሰውዬው ጥሪ ጀምር። ፈታችሁ ያጣችሁበትን ግማሽ ቀን አትደብቅ፤ እሱ ነው ጥሩው። የአጎትህን ሳቅም አስገባው። ከዚያ ምክንያቱን ኋላ እንዴት እንደተረዳኸው ጻፍ። ከጋሼ እንደሰማኸው አምነህ ጻፍ፣ ራስህ ያገኘኸው አታስመስል።

የሽምብጥ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ግን ያኔ ከውሃው ስንት ሜትር ከፍ ይል እንደነበር አልለካሁም። 7 ብዬ ልጻፍ?

የፖሊ ሰው፦
በግምት ቁጥር አትጻፍ። ሰውዬው ዘንድሮም እዚያው ናቸው?

የሽምብጥ ልጅ፦
አሉ። ሞተሩ ቆሞበት የነበረው ድንጋይም አለ። ውሃው ያኔ የደረሰበትንም ያስታውሳሉ፣ አንድ የሾላ ሥር አለ።

የፖሊ ሰው፦
እንግዲያው ቅዳሜ ሂድ። ሜትር ከሌለህ ገመድ ላይ ድንጋይ አስረህ ቀጥ አድርገህ ከላይ ጣለው፤ ቁልቁለቱን ተከትለህ እንዳትለካ፣ ይረዝምብሃል።