ለልጆች ትምህርት ቤት ብለን ሰፈር እንቀይር?

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት)

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት ተከራይተን መኖር ከጀመርን ስድስት ዓመታችን ነው። ትልቋ ልጄ ከክረምቱ በኋላ ሚድል ስኩል ትገባለች፣ ትንሹ ኪንደርጋርደን ይጀምራል። ሌዛችን (የኪራይ ውላችን) ጁላይ ላይ ያልቃል።

ቤተ ክርስቲያን ብሄድ፣ ለቅሶ ቤት ብሄድ ወሬው አንድ ነው። «እዛ ሰፈር ምን ትሠራላችሁ? ለልጆቻችሁ ስትሉ ጥሩ ዲስትሪክት ፈልጋችሁ ውጡ» ይሉኛል። ስልኬ ላይ ዚሎ የሚባለውን የቤት መፈለጊያ ሳይ የኛ ሰፈር ትምህርት ቤት ከ10 4 ነው የሚለው። ሮክቪል ያየነው አፓርትመንት ጋ ያለው ደግሞ 8። ኪራዩ ግን በወር 550 ዶላር ይበልጣል፣ መኝታ ቤቱም በአንድ ያንሳል። ባለቤቴ ማታ ማታ ኡበር ይነዳል፣ እኔ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ። ያንን ብር ለማምጣት በየሳምንቱ አንድ ሽፍት መጨመር አለብኝ። ልጄ አሁን ያለችበት ደስተኛ ናት፣ መምህሯም ጎበዝ ናት፣ ግን ያ 4 ቁጥር እንቅልፍ ነስቶኛል። እናንተ ምን አደረጋችሁ? እውነቱን ንገሩኝ።

መልስ 1 (አባት ከጀርመንታውን)

እህቴ፣ እኛ ወጥተን አይተነዋል። 9 የተባለ ትምህርት ቤት አጠገብ ተከራየን። ትምህርት ቤቱ ምንም አይወጣለትም፣ ጥሩ ነው። ኪራዩን ለመሙላት ግን እኔ የማታ ሥራ ጨመርኩ። ልጄ ያላለቀ የሂሳብ ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጥፎልኝ ይተኛ ነበር፣ እኔ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገብቼ አየዋለሁ። «አባዬ 3ኛው አልገባኝም» ብሎ በእርሳስ ይጽፍበታል። መልሱን ከሥሩ ጽፌለት እተኛለሁ፣ ስነቃ እሱ በባስ ሄዷል። ሁለት ዓመት እንደዚህ በወረቀት ነው ያወራነው። በመጨረሻ ኪራዩ ቀለል ወዳለ ቤት ተመለስን። አሁን ማታ ጠረጴዛው ላይ አብሬው እቀመጣለሁ፣ ውጤቱም አልወረደም።

መልስ 2 (ትምህርት ቤት የምሠራ)

አንድ ነገር ላስተካክል። ሜሪላንድ ውስጥ ዲስትሪክት (ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድረው) ማለት ካውንቲው ነው፣ ባልቲሞር ከተማን ጨምሮ 24 ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግም ሮክቪልም ሞንጎመሪ ካውንቲ ናቸው፣ ስለዚህ ዲስትሪክት አትቀይሪም። የመምህራኑ ደመወዝ የሚወጣበት ስኬል እንኳ አንድ ነው። የምትቀይሪው ትምህርት ቤቱን ብቻ ነው።

ዚሎ ላይ የምታዪው ቁጥር ግሬትስኩልስ የሚባል ድርጅት የሚሰጠው ነው፣ በአብዛኛው ከስቴት ፈተና ውጤት ነው የሚወጣው። እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆች የበዙበት ትምህርት ቤት ንባብ ላይ ዝቅ ይላል፣ ያ ማለት ግን መምህሮቹ ሰነፎች ናቸው ማለት አይደለም። ገጹን ከፍተሽ ወደ ውስጥ ግቢ። ልጆቹ ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንደተሻሻሉ የሚያሳይ ቁጥር ለብቻው ካለ እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ከዚያ ደውለሽ ልጎብኝ በያቸው። 6ኛ ክፍል ላይ ልጅሽ የትኛው ሂሳብ ውስጥ እንደምትገባ ጠይቂ፣ ሃይስኩል የምትወስደው ሂሳብ ከዚያ ነው የሚጀምረው። የኢሶል (እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጠው ትምህርት) መምህሩ ልጆቹን ከክፍል እያወጣ ነው የሚያስተምረው ወይስ ክፍላቸው ገብቶ? እሱንም ጠይቂ። አስተርጓሚ ከፈለግሽ በነፃ ማግኘት መብትሽ ነው፣ ካውንቲው የአማርኛ ወረቀትም ያወጣል። እባክሽ ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊያት። ብዙ ወላጅ ሲያደርገው አያለሁ፣ ልጅቷ ስለ ራሷ የተባለውን መጥፎ ነገር እየዘለለች ነው የምትተረጉመው።

መልስ 3 (ከቨርጂኒያ)

እኔ ደግሞ በመውጣታችን አልቆጨኝም። ልጄ ንግግር ዘግይቶበት ነበር። የድሮው ትምህርት ቤት «ትንሽ እንየው» እያለ አንድ ዓመት አስጠበቀን፣ አዲሱ ቶሎ አየልን። ያኔ የማላውቀው ነገር፣ ግምገማ ይደረግልኝ ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ የትም ብትኖሪ መብት ነው። ባውቅ ኖሮ እዛው ሆኜ ደብዳቤ እጽፍ ነበር።

አድራሻ ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። እኛ ጋ ፖስታው ላይ አሌክሳንድሪያ የሚል ስንት ቤት አለ፣ ቤቱ ግን ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ዲስትሪክቱ ሌላ ነው ማለት ነው። እኔ ይህንን ያወቅኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው። የቤት ቁጥሩን ካውንቲው ራሱ ድረ ገጽ ላይ አስገብተሽ እዪ፣ አከራዩ በነገረሽ አትፈርሚ።

መልስ 4

የዘመድ አድራሻ ተጠቀሚ የሚልሽ አይጠፋም፣ አትስሚው። ሲደረስበት ልጅቷን ዓመቱ መሃል ላይ ሊያስወጧት፣ ክፍያም ሊጠይቁሽ ይችላሉ። በእውነት ዘመድ ቤት የሚኖር ሰው ግን ለሱ የሚሞላ ፎርም አለው፣ አይፈር።

የጠያቂዋ መልስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም ለባለቤቴ አነበብኩለት። የፍሪጁን ነገር ሲሰማ ዝም አለ።

የሮክቪሉን አድራሻ ካውንቲው ገጽ ላይ አስገባሁት። ለካ 8 የሚለው ኤለመንታሪው ነው! ልጄ የምትገባበት ሚድል ስኩል 5 ነው። ያን ሁሉ ብር የምጨምረው ለ5 ነበር ማለት ነው።

ሐሙስ ዕረፍቴ ስለነበር እዚሁ ሰፈራችን ያለውን ሚድል ስኩል ሄጄ አየሁት። ተማሪ የሚወጣበት ሰዓት ላይ ደረስኩ። አንዲት መምህርት በር ላይ ቆማ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ እየጠራች ትሸኛለች። ሂሳቡን ጠየቅኩ፣ የ5ኛ ክፍል ውጤቷን አይተው ከፍ ያለው ክፍል ውስጥ ሊያስገቧት እንደሚችሉ ነገሩኝ። እቤት ስነግራት «እዛማ ጓደኞቼም አሉ» አለችኝ፣ እኔ ግን እስካሁን አልጠየቅኳትም ነበር።

ሌዙን ለአንድ ዓመት እናድሳለን፣ ሽፍቱም ይቅርብኝ። ትንሹን ሰኞ ላስመዘግበው ነው፣ 5 ዓመት የሚሞላው ከሴፕቴምበር 1 በፊት ስለሆነ ዘንድሮ ይደርስለታል። የልደት ወረቀቱና የክትባቱ እጄ ላይ አሉ። ለአድራሻ ግን የድሮውን ሌዝ ይቀበሉኛል ወይስ አዲሱ እስኪፈረም ልጠብቅ? በቅርቡ ያስመዘገበ ካለ ይንገረኝ።