የልጆች ልደት በኮሙናሉ ይከልከል ወይስ ይቀጥል? የየካ አባዶ ወላጆች ክርክር

የመንታዎቹ እናት፦
እንደምን አመሻችሁ ጎረቤቶች። የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ በየብሎኩ መግቢያ የለጠፈውን ማስታወቂያ ላላያችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ከመጪው ወር ጀምሮ ሁላችንም በጋራ በምንጠቀምበት በኮሙናሉ አዳራሽ የልጆች ልደት እንዳይደረግ ሐሳብ ቀርቧል። ምክንያታቸው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ድግሱ ፉክክር ሆኗል ይላሉ። ልዕልት፣ ዩኒኮርን፣ ጀግና እየተባለ ቴም፣ ማለትም የድግሱ መልክ፣ ይወጣል፤ የተጠራው ልጅ ሁሉ በዚያ ልክ ለብሶ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ባለፈው ልደት ላይ የስድስት ዓመት ሴት ልጆች ጥፍራቸው ተቀብቶ፣ ፀጉራቸው በፔስትራ ተተኩሶ ታይተዋል። እሑድ በስብሰባ ይወሰናል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ድግሱ አይከልከል። ቴምም ይኑር፣ ጥፍርም ይቀባ። መከልከል ያለበት ተጋባዥ ላይ የሚታዘዘው ልብስና ለትልቅ ሰው የተሠራው ኬሚካል ነው።

የምንኖረው ባለ አንድና ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ፣ ፎቅ ላይ ነው። አሥራ አምስት ልጅ ሳሎን ውስጥ ሲዘል ታች ያለው ጎረቤት ምን ይሁን? በብሎኮቹ መሀል ያለው ቦታ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ወደ መሀል ከተማ ወርዶ የመጫወቻ ማዕከል ለመክፈል ደግሞ የታክሲው ብቻ ይበቃል። ልጆቻችን በነፃ የሚዘሉበት ጣሪያ ያለው ቦታ ይሄ አንድ አዳራሽ ነው። አገራችን በፈረንጆቹ 1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን እንኳ አንቀጽ 31 ላይ የልጅን የመጫወት መብት ለብቻው ጽፎታል።

ቴሙን ሁሉም ሰው የፈረንጅ ነገር ነው ይላል። ቡሄን አስቡት እስቲ። ወንዶቹ ዱላ ይዘው፣ ጅራፍ እያጮሁ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ በየበሩ ይዞራሉ፤ ሙልሙላቸውን ይቀበላሉ። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ሴቶቹ አበባየሆሽ ይላሉ፤ ትንንሾቹ የሳሉትን አበባ ይዘው ይመጣሉ። ዘፈኑ ሌላ፣ ዳቦው ሌላ፣ የሚያዘው ነገር ሌላ። ልጅ ለአንድ ቀን ሌላ ነገር መሆን ይወዳል፤ ድሮም ይወድ ነበር።

ዓምና ለመንታዎቹ የጫካ ቴም አደረግን። ከሱቅ ካርቶን ለመንን፣ ቆረጥን፣ አረንጓዴ ቀባን። አንዱ ዛፍ አልቆም ብሎ ጎበጠ። ልጆቹ "ይሄ የንፋስ ዛፍ ነው" ብለው ስም አወጡለትና ከሁሉም አስበልጠው ወደዱት። ያን ሳምንት ማታ ማታ ቴሌቪዥን የጠየቀ አልነበረም። እኔ የምሟገተው ለዚህ ነው።

አባት ከብሎክ 37፦
እህቴ፣ እኔ ይከልከል ባይ ነኝ። የአንቺ ካርቶን ጥሩ ነው። ሰው ሁሉ ግን ካርቶን አይቆርጥም።

ልጄ ባለፈው የልዕልት ልደት ተጠርታ ነበር። ጥሪው "ሴቶች ሮዝ የልዕልት ቀሚስ፣ ወንዶች ነጭ ሸሚዝ ከነከረባቱ" ይላል። መርካቶ ሄጄ ጠየቅኩ። ዋጋውን ሰምቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። አንድ ከሰዓት የሚለበስ፣ ሁለቴ ሲታጠብ የሚተለተል ጨርቅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልጄ "ሆዴን አሞኛል" አለች። ሆዷን አላመማትም። ከሰዓት ሙዚቃው ሲጀመር በረንዳ ላይ ቆማ ወደ ኮሙናሉ ታይ ነበር። አምስት ዓመቷ ነው። በአምስት ዓመቷ እኛን ላለማስጨነቅ ዋሸች። ይሄ ከሆዴ አልወጣም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር አልቀመስ ብሏል። ፊኛው፣ የግድግዳ ጌጡ፣ ቀሚሱ ሁሉ ከውጭ ነው። ደሞዝ በዚያ ልክ አልሮጠም። ስጦታም አለ፤ ባዶ እጅ አይኬድ። ከተማው ከ2012 ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ዩኒፎርም በነፃ ሲሰጥ ከጥቅሙ አንዱ ልጆቹ እኩል መታየታቸው ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እኩል አድርገን ቅዳሜ ለምን እንለያያቸዋለን?

የመንታዎቹ እናት፦
ወንድሜ፣ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅህን ያስቀራት ግን ድግሱ አይደለም። ያ የጥሪ ወረቀት ነው።

አዳራሹን ብንዘጋው ያለው ሰው ሆቴል ይከራያል። ያኔ የሚጠራው ቁጥሩ የተቆጠረ ልጅ ይሆናል፤ ጎረቤት ከዝርዝሩ ይወጣል። እዚህ ሲሆን ግን ያልተጠራውም ልጅ በበሩ ገብቶ ፈንዲሻ ይዘግናል፤ ማንም አያስወጣውም። ይሄንን ማጣት አልፈልግም።

ስለዚህ ቴሙ ግድግዳው ላይ ይሁን፣ ልጁ ላይ አይሁን። ደጋሹ ከፈለገ በር ላይ ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት የወረቀት ዘውድ ይስጥ። ሁሉም የቤቱን ልብስ ለብሶ ይምጣ። ድምቀት ካማረን የሐበሻ ልብስ አለ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ለጥምቀት የተገዛው ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ለጓደኛ ልደትም ይውጣ።

እማማ ከብሎክ 12፦
የምናገረውን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ስለ ድግሱ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ስለ ማጌጡ ልናገር።

እኛም እንሶስላ እንሞቅ ነበር። ስሩ ይወቀጣል፣ እጅና እግር ላይ ይደረጋል፣ በጨርቅ ታስሮ ያድራል። ጠዋት ሲፈታ መዳፋችን ቀልቶ እናያለን፣ ለጓደኛ እናሳያለን። በሠርግ፣ በበዓል ነው። ልጅ ስታጌጥ ደስ ይለኛል እንጂ አልቆጣም።

ያሳዘነኝ ሌላ ነው። አንዲት ሕፃን ደረጃው ላይ ቆማ እናቷን "ፀጉሬ አስቀያሚ ነው፣ አስተኩሺልኝ" ስትል ሰማሁ። ከርዳዳ ፀጉር ነው ያላት። የእናቷም እንደዚያው ነው፣ የእኔም እንደዚያው ነበር። ይሄንን ቃል ማን አስተማራት? ጥፍሩ ይታጠባል። ይሄ ግን በምን ይታጠባል?

የመንታዎቹ እናት፦
እማማ፣ እግዜር ይስጥልን። ያሉት ከሁሉም ይበልጣል። እኔ ሴት ልጄ መዋብን እንድታፍርበት አልፈልግም። ደሞዝ ስቀበል እኔም ፀጉር ቤት ሄጄ ካስክ ስር እቀመጣለሁ፣ ጥፍሬን እሠራለሁ። ሥራና ቤት ሲያደክመኝ ያቺ አንድ ሰዓት የእኔ ናት። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ቀለሙን ትመርጥልኛለች፤ አንዳንዴ የትንሿ ጣቷ ጥፍር ይቀባላታል፤ ያቺን አንድ ጣት ሳምንቱን ሙሉ ስታያት ትከርማለች። ጨዋታ ነው። ገላዋን የሚያስተካክል ነገር ሲሆን ግን ጨዋታነቱ ያበቃል። ፔስትራው የሚነግራት "እንዲህ ሆነሽ አትበቂም" ብሎ ነው። እርስዎ የሰሙት ያንን ነው።

ፀጉር ሠሪዋ፦
ሰፈሩ ውስጥ ፀጉር ቤት አለኝ፤ ዝም ብል ጥሩ አይሆንም። በዓል ሲደርስ እናቶች ልጆች ይዘው ይመጣሉ። ሹሩባ እሠራለሁ። ለልጅ ላላ አድርጌ ነው የምሠራው፤ ጠብቆ ሲሠራ ግንባር ላይ ያለው ፀጉር እየሳሳ ይሄዳል። እናቶች ግን "ጠበቅ አድርጊው፣ እንዲቆይ" ይላሉ። ካስክ ለልጅ አላደርግም፤ ጆሮዋ ይቃጠላል፣ እሷም አትናገርም። ሪላክሰር የሚባለውን የፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል ከነጭራሹ አልቀባም። "የልጆች ነው፣ ፎቶው ላይ ልጅ አለች" ብለው ካርቶኑን ይዘውልኝ የመጡ አሉ። እምቢ ስል ተቆጥተው ወደ ሌላ ቤት የሄዱ አሉ። ገበያዬን አጣለሁ፤ ቢሆንም አላደርገውም። ኮሚቴው በዚህ ላይ አንድ ነገር ቢል እኔንም ያግዘኛል።

መድኃኒት ቤት የምሠራው ጎረቤት፦
ፀጉር ሠሪያችን ልክ ናት። ሪላክሰር ፀጉር የሚያለሰልሰው ኃይለኛ አልካሊ ስለሆነ ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት አለ። "የልጆች" ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ አለበት። ሁለቱም የራስ ቆዳ ያቃጥላሉ። በ2022 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ከ33,000 በላይ ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ገደማ ተከታትሏል። በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ የፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል የተጠቀሙት ላይ የማሕፀን ካንሰር ካልተጠቀሙት ከሁለት እጥፍ በላይ ታይቷል። ጥናቱ የተሠራው በአዋቂዎች ላይ ነው፤ መንስኤው በእርግጠኝነት ይሄ ነው ብሎም አልደመደመም። ሕፃን ላይ ላለመጀመር ግን ለእኔ ይበቃኛል።

ጥፍሩን በሁለት እንየው። ተራው ቀለም መስኮት ተከፍቶ፣ አልፎ አልፎ ከሆነ ብዙ አልጨነቅም። ጄልና ሼላክ የሚባለው ግን ለልጅ አይሆንም። በዩቪ መብራት ነው የሚደርቀው፤ በደንብ ሳይደርቅ ቆዳ ከነካ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል፤ ያ አለርጂ አንዴ ከጀመረ አይለቅም። እኛ ደግሞ የምንበላው በእጃችን ነው። የተላጠው ቀለም ከእንጀራው ጋር ተጠቅልሎ አፍ ይገባል። በውሃ የሚለቅ የልጆች ቀለም ካገኛችሁ እሱ ይሻላል፤ ከምግብ በፊት ይታጠብ።

ማንም ያላነሳው ደግሞ ፊኛ ነው። ያልተነፋና የፈነዳ ፊኛ ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ አደገኛ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ ትንፋሽ ይዘጋል። ከድግሱ በኋላ ቁርጥራጩን ከወለሉ ልቀሙ። ከቀለሙ ይልቅ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

የሦስት ልጆች እናት ከብሎክ 20፦
ሰላም ለሁላችሁ። በእኛ ቤት ኢድ ሲመጣ ሴቶቹ ሂና ይሞቃሉ፤ የጎረቤት ልጆችም መጥተው እጃቸውን ይዘረጋሉ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ንጹሕ ሂና የሚያወጣው ቀይ ወይም ቡናማ ነው፤ ሰዓቱንም ይፈልጋል። ቶሎ ብሎ ጥቁር የሚያደርገው ውስጥ ፒፒዲ የሚባለው የፀጉር ቀለም ኬሚካል ይገባበታል። የእህቴ ልጅ እጅ ላይ ሥዕሉን ተከትሎ ውሃ ቋጥሮ ነበር። የአበባው ቅርጽ ቁስል ሆኖ ቀረ። በልደት ላይ ሂና ካሰባችሁ እኔ ጥሬውን በጥብጬ አመጣለሁ።

ስለ ምግቡም ካነሳን፣ ልጆቼ በየልደቱ ስለሚጠሩ ደስ ይለኛል። ሥጋ ነክ ነገር ካለ ቀድማችሁ ንገሩኝ፣ የራሳቸውን አሲዤ እልካለሁ። ረቡዕና ዓርብ ወይም በሁዳዴ ከሆነ የፆም ኬክ አድርጉት፤ ያኔ ሁሉም ልጅ ከአንድ ሳህን ይበላል።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦
ሁላችሁንም እያነበብኩ ነው። ኮሚቴው ልጅ ጠልቶ አይደለም። ባለፈው ድግስ ስፒከሩ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አልጠፋም፤ በዚያው ብሎክ ሐዘንተኛ ቤተሰብ ነበር። የእድሩ ወንበር ተሰብሮ ተመለሰ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ መጸዳጃው ሳይታጠብ አደረ። ይሄንን ማን ይሸከመው?

የወንድ ልጅ እናት፦
ጸሐፊው ያሉት እውነት ነው። ስለ ወንዶቹም አንድ ነገር፤ ፊታቸው ላይ ነብር ሲሳልላቸው የእኔ ልጅ እንዳይለቅበት ብሎ ፊቱን አልታጠብም አለ። ማጌጥ የሚያስደስተው ሴቶቹን ብቻ አይደለም።

የመንታዎቹ እናት፦
ጸሐፊ፣ የሐዘኑን ነገር አላወቅሁም ነበር። ያን ቀን ድግሱ ሌላ ቀን መዛወር ነበረበት፤ ማንኛችንም ብንሰማ እናዛውረው ነበር። ለዚህ መፍትሔው አዳራሹን መዝጋት ሳይሆን የሚጠየቅ ሰው መኖሩ ነው። ደጋሹ ቀድሞ በስሙ ይመዝገብ። ለወንበሩ መያዣ ያስይዝ። ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዞ ይምጣ። ስፒከር ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይዘጋ፤ ልጆቹም በዚያ ሰዓት ይደክማሉ።

እሑድ የማቀርበው ይሄንን ነው። በጥሪ ላይ ልብስ ማዘዝ ይቅር። ስጦታም ግዴታ አይሁን፤ የቻለ ይዞ ይመጣል፣ ያልቻለ ልጁን ይልካል። በአዳራሹ ውስጥ ፔስትራ፣ ሪላክሰር፣ ጄል ጥፍርና ጥቁር ሂና አይግቡ። በውሃ የሚለቅ ቀለም፣ እንሶስላ፣ ንጹሕ ሂና፣ ፊት ላይ ሥዕል ይፈቀዱ፤ እነሱም የልጁ ወላጅ እሺ ሲል ነው። የሌላ ሰው ልጅ ላይ ሳይጠይቁ ቀለም መቀባት ልክ አይደለም። ይሄንን ሐሳብ ለምትቃወሙትም እላለሁ፤ ልጆቻችሁ የእኔም ናቸው።

የእኔን የካርቶን ዛፎች አልጣልኳቸውም። ለሚፈልግ እሰጣለሁ። ወንድሜ ከብሎክ 37፣ የልጅህ ልደት መቼ እንደሆነ ንገረኝ።

አባት ከብሎክ 37፦
ግንቦት ላይ ነው። ስለ ጥሪው ወረቀት ያልሽው ገብቶኛል፤ ልብስ ማዘዝ የሚቀር ከሆነ ግማሽ ቅሬታዬ ይወድቃል። ግማሹ ግን አለ። ባይታዘዝም ልጆች ያያሉ። የአንዷ ኬክ ሦስት ደርብ ሲሆን የአንዷ ድፎ ዳቦ ሲሆን፣ ሰው ሳይነግራቸው ያወዳድራሉ። ለዚህ መመሪያ አታወጡለትም።

የመንታዎቹ እናት፦
ያወዳድራሉ። ትምህርት ቤትም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ደረጃ ላይም ያወዳድራሉ። ስለ ኬኩ ግን አንድ ነገር ይቻላል፤ በአንድ ወር የተወለዱትን ልጆች አንድ ላይ እናክብርላቸው። ወጪው ይካፈላል፣ ኬኩ የሁሉም ይሆናል። ግንቦት ላይ ካንተ ልጅ ሌላ ብሎክ 20 አንድ አለች፣ ብሎክ 12 ደግሞ ወንድ ልጅ አለ። ሦስቱ ቴሙን ራሳቸው ይምረጡ።

የሦስት ልጆች እናት ከብሎክ 20፦
እኔ እስማማለሁ። የእኔዋ ከአሁኑ ዓሣ ብላለች።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦
የወር ልደቱን ሐሳብ በአጀንዳው ላይ ጨምሬዋለሁ። ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። መምጣት የማትችሉ ድምፃችሁን እስከ ቅዳሜ ማታ በጽሑፍ አድርሱኝ።

አባት ከብሎክ 37፦
እመጣለሁ። የጋራ ልደቱ ካለፈ ድምፄን እቀይራለሁ። ካላለፈ ይከልከል ነው የምለው።